አንድ ዙር ወደ ግራ

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1989

እምቢ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቴም እምቢ አሉ።

የእህቴ ልጅ መሠረት እሑድ ትዳራለች። ሙሽራው የደባርቅ ልጅ ነው፤ እሷ ያለችው አዲ አርቃይ ከእናቷ ጋር ነው። ሙሽራዋን በሊማሊሞ አውጥቶ የሚያመጣ መኪና ከጎንደር ሊመጣ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተበላሽቷል የሚል መልእክት ደረሰን። ለሚዜዎቹ የአስማማው ሚኒባስ አለች። ለሙሽሮቹ ግን በከተማው የቀረችው ትንሽ መኪና የአያ ተድላ ቮልስ ብቻ ናት።

አያ ተድላ ጎረቤቴ ናቸው። ሱቄንና ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። እኔ ቤንዚንና ላምባ በጠርሙስ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲነዱና ሲጠግኑ ኖረዋል። ቮልሷ የራሳቸው ናት። ቀለሟ ወተት የመሰለ፣ ዕድሜዋ ከብዙ ትዳር የሚበልጥ። ከዓምና ወዲህ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ ይጥላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ እንደነገሩኝ ሰኞ አንድ ሰው ከጎንደር መጥቶ ይወስዳታል። አፍርሶ ዕቃ ዕቃዋን ሊያወጣ ነው።

"ጆሮዬ ሞቷል፣ የሺ" አሉኝ። "በሞተ ጆሮ የተስተካከለ ሞተር ሙሽራ አያመጣም። ዓምና አላየሽም?"

አይቻለሁ። ከማንም በላይ አይቻለሁ።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ጆሯቸው አልሞተም። ያቺን ብሎን ያዞርኳት እኔ ነኝ።


ረቡዕ፣ ጥር 14

ጽፎ ደብተር መክደን ንስሐ አይደለም። አውቃለሁ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እኔ የተማርኩት ከቁርጥራጭ ነው። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወዲህ መምህሬ የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ስኳር የተጠቀለለበትን፣ ሻማ የተጠቀለለበትን፣ ሁሉንም እጥፋቱን አቃንቼ አነባለሁ። የሚጠቅመኝን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስለ ንብ አንድ ገጽ አለኝ። ስለ ኩላሊት ግማሽ ገጽ። ስለ መኪና ሦስት፣ ከአንድ የሾፌሮች መማሪያ የወጡ።

ሌላው ትምህርት ቤቴ አጥሩ ነው። አያ ተድላ ሞተር ሲያስተካክሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ስንት ዓመት አለፈ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ክዳኑን ይከፍታሉ፤ አንድ የወይራ ዘንግ አላቸው፣ የዘንጉን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ ሌላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በቀኝ እጃቸው ካቻቢቴ። ካርቡራተር ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉባት፣ አንድ ጣሳ የምታህል ዕቃ ናት፤ በጎኗ አንዲት ብሎን አለች። ወደ ግራ ሲፈቷት ቤንዚኑ ይበዛል፣ ወደ ቀኝ ሲያጠብቋት ያንሳል። ሞተሩ እስኪንተባተብ ወደ ቀኝ ያጠብቃሉ፤ ከዚያ በትንሹ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። አዋቂ መሪጌታ የተማሪ ዜማ ሲያርም እንደመስማት ነው። የሚንተባተበው ድንገት አንደበቱ ይፈታል። ከጎንደርና ከዳባት ድረስ ሾፌር ይመጣላቸው ነበር። ስማቸው "ጆሮው" ነበር።

የእኔ ጥፋት ደግሞ ይኸው። ከሦስቱ ገጾች በአንዱ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ "መኪና ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚኑን መጠን መ"። ከመ በኋላ ተቀዷል።

እኔ "መጨመር" ብዬ ሞላሁት። ምን ሌላ ላስብ? ዳገት ለሚወጣ በቅሎ ገብስ ይጨመርለታል።

ዓምና አያ ተድላ የሰው ሙሽራ ከአዲ አርቃይ ሊያመጡ ነበር። ዋዜማውን ሞተሯን አስተካክለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በአጥሩ ገባሁ። ሊማሊሞ ላይ እንዳትደክምባቸው ብዬ ብሎኗን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ግራ አዞርኳት። በተንኮል አልነበረም። ባውቅ ኖሮ እጄን በቆረጥኩ።

በማግስቱ ሲመለሱ፣ የሊማሊሞ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እግራቸውን ከነዳጁ ሲያነሱ ቮልሷ ጠፋች። ጥቁር ጭስ ተፍታ ጠፋች፤ ደግማ አልተነሣችም። ሙሽራዋ ሽንኩርት በጫነ መኪና ደባርቅ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጆሮው" መባሉ ቀርቶ "ጆሮ ዳባ" አሏቸው። አያ ተድላ ክዳኑን ዳግመኛ አልከፈቱም። እኔ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት።

ዛሬ መኪናዋን ልጠባት ብዬ ጠየቅኳቸው። "ዶሮዎቹ ከፈቀዱልሽ" አሉ።


ሐሙስ፣ ጥር 15፤ ቂርቆስ

ከቮልሷ ያወጣሁት፦
ስድስት እንቁላል።
አንድ ነጠላ ጫማ። እትዬ ስንዱ ውሻ ወሰደው ብለው ያማርሩ የነበረው።
የዓምናው ሙሽራ የወረቀት አበባ።
አራት ካንዴላ። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩት ናቸው። የደህና ሞተር ካንዴላ ጫፉ የተቆላ ገብስ ይመስላል። እነዚህ ጥላሸት ለብሰዋል። የእኔ ዙር ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

በቤንዚን አጥቤ መለስኳቸው። ብሎኗን አልነካኋትም።

አስማማው በሚኒባሱ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ "የሺ፣ ሽንኩርት የሚጭን መኪና ከአሁኑ ልፈልግላችሁ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ ነው። ሰው ጨዋነት ይለዋል።

ከሰዓት ሙሽራው መሪ ያዘ፣ ሚዜዎቹ ቁልቁል ገፉ። ባትሪዋ ደክሟል። ሦስተኛው ግፊያ ላይ ተነሣች። ጥቁር ጭስ ባሕር ዛፉን ሸፈነው፤ ልጆቹ እያሳሉ ሳቁ። አያ ተድላ ቤት ውስጥ ናቸው፣ በሩ ተዘግቷል፣ ምሳ ላይ ናቸው።

በሩ ተከፈተ። ጎርሰው ነበር። ጉርሻውን እስኪውጡ ቆዩና፣ "ጠግባለች" አሉ። "ከልኳ በላይ በልታለች።"

ጭሱን አላዩም። ከጓዳ ሆነው፣ ከግድግዳ ጀርባ፣ እያኘኩ ሰሟት። አንድ ዓመት ቆማ የነበረችን ሞተር። እኔ አጠገቧ ቆሜ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው።

ከዚያ ሁላችንም እንዳየናቸው አዩ። "ወይ ደግሞ መሰለኝ" ብለው ተመልሰው ገቡ።

እትዬ ስንዱ አጠገቤ ቆመው፣ "እኔ ሦስት ጊዜ ስጠራቸው አይሰሙም" አሉ። "የቮልሷን ሆድ ግን ከጓዳ ይሰማሉ።"

ነገ እናገራለሁ። ይህን "ነገ" ስጽፈው አፈርኩ።


ዓርብ፣ ጥር 16፤ ኪዳነ ምሕረት

ተናገርኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኳቸው። ወረቀቷን ይዤ ነበር። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ነው።

"አያ፣ ብሎኗን ያዞርኳት እኔ ነኝ።"

"የቱን ብሎን?"

"የካርቡራተሯን። የዓምናው ሠርግ ዋዜማ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ።"

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ወደየት?"

"ወደ ግራ።"

"ስንት?"

"አንድ ሙሉ ዙር።"

ወረቀቷን ተቀበሉኝ፤ አርቀው ያዙ፣ አቀረቡ፣ መለሱልኝ። አንብቢልኝ አሉ። እስከ መ ድረስ አነበብኩ። መ ምን አሉ። ተቀዷል፣ እኔ ነኝ መጨመር ብዬ የሞላሁት አልኩ። ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔም ወደ ሱቄ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት እንዴት ልጻፈው። አንዱ ላምባ ሲጠይቀኝ ቤንዚን ቀዳሁለት፤ ደግነቱ ሸተተውና መለሰው። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸው ለእኔ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ደጃፍ መጡ። አልተቀመጡም።

"አዲ አርቃይ ስደርስ ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "ጠግባለች ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትናንት በእጄ መጥኜ ዛሬ ከየት ትጠግባለች አልኩ። እጄን አምኜ ጆሮዬን ካድኩት። ኋላ ስትጠፋብኝ፣ የመጠንኳት በዚሁ ጆሮ ነውና ሞቷል አልኩ።"

ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው።

"አንድ ዓመት ሙሉ ወፍ ሲጮኽ እንኳ 'እውነት ነው ወይስ መሰለኝ' እያልኩ ኖርኩ፣ የሺ።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። እሳቸው ግን ሰሙ።

"ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም" አሉ። "ነገ ጠዋት ነይ። አንቺ ታዞሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ንስሐሽ እሱ ነው።"


ቅዳሜ፣ ጥር 17

ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሞተሯን መጀመሪያ አሙቁ አሉ፤ ብርድ የያዘው ሰው መዝሙሩ አይገመገምም። ሙሽራው ከተማውን ሁለቴ ዞሮባት መጣ። ጭሷ እንደ ሐሙሱ ነው።

አያ ተድላ የወይራ ዘንጋቸውን ከጣሪያው ክዳን ሥር አወጡ። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉት። ነከሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ካቻቢቴውን ይዤ ተንበረከክሁ። ከማዞሬ በፊት በብሎኗ ራስ ትይዩ አንዲት የጭረት ምልክት አደረግሁ። አልነገርኳቸውም። ስንት እንደምትዞር ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነው።

በጣታቸው ነው የሚያዙት። አንድ ጣት ሲነሣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ። መዳፋቸው ሲዘረጋ ቁም። ሩብ አዞርኩ። ጩኸቷ ያው ነው። ግማሽ። ጭሱ ሳሳ። ሦስት ሩብ ላይ ለእኔ ደህና መሰለችኝ፤ በቃት ብዬ አየኋቸው። ጣታቸው አልወረደም። ሄድኩ፤ ከምልክቴም አለፍኩ። መንተባተብ ጀመረች። መዳፋቸው ተዘረጋ። ከዚያ ትንሿ ጣታቸው ወደ ግራ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ኋላ፣ የገብስ ፍሬ ታህል፣ ደግሞ ግማሽ ፍሬ።

"በቃ።"

ምልክቱን አየሁ። የብሎኗ ስንጥቅ ከጭረቴ ጋር ገጥሟል። አንድ ዙር። ከዚህ አላለፈም፣ ከዚያ አልጎደለም። ዓምና በዚያች ቀን ጆሯቸው ያቆማት ቦታ ላይ፣ ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳያውቁ፣ እዚያው መልሰው አቆሟት።

አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሁለቴ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። "ጭሱ ነው" አሉ። ጭስ አልነበረም።

ከዚያ ዘንጉን ሰጡኝ። ንከሺው አሉ። ነከስኩት። በጥርሴ ገብቶ ራስ ቅሌ ውስጥ ሞላ። ይሄን ሁሉ ዘመን በአጥር ቀዳዳ ሳየው የኖርኩት ነገር ድምፁ እንዲህ ነበር። አራት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ፣ አንዱም ሳይቀድም።

ስለ ወረቀቷም ጠየቅኳቸው። በሶ ስትበጠብጪ ውሃው ቢያንስብሽ ዱቄት ትጨምሪያለሽ? አሉኝ። አልጨምርም፣ ያንቃል አልኩ። ሞተርም በሶ ነው የሚጠጣው፤ ቤንዚኑ ዱቄት፣ አየሩ ውሃ። እዚህ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ዱቄቱም ይቀነሳል። ቆላ ስትወርጂ ትጨምሪላታለሽ። በቅሎ አይደለችም።

ስለዚህ የነገው እንዲህ ነው፦ አዲ አርቃይ ስንደርስ ሩብ ዙር ወደ ግራ። ስንመለስ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ።

"የሚያዞረው ማን ነው?" አልኩ።

"ማን ለመደው?" አሉ።

ቤት ገብቼ ወረቀቷን አወጣሁ። ከመ ቀጥሎ፣ ከተቀደደው ጠርዝ ሥር ሌላ ወረቀት ለጥፌ "ቀነስ" ብዬ ጻፍኩበት። መቀነስ። ሁለቱም በመ ይጀምራሉ። ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ አድራጎቱ ሁሉ በአንድ በር ይገባና ውስጥ ገብቶ ይለያያል።


እሑድ፣ ጥር 18

ደክሞኛል፤ እግሬም በአዲስ ጫማ ተልጧል። ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። እሳቸው መሪው ላይ፣ እኔ አጠገባቸው ካቻቢቴውን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ሙሽራው ከኋላ። አስማማው ከሚዜዎቹ ጋር ይከተለናል። ሊማሊሞ ቁልቁል ነው፤ እሳቸው መንገዱን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል። ከወረድን በኋላ ሙቀቱ ሲቀበለን ቮልሷ ስትራብ ተሰማኝ፣ እንደመንተፋተፍ። እኔ ሰማሁት። ቀድሜ አያ አልኩ፤ እሳቸው ፈገግ ብለው ዳር ያዙ። ሩብ ወደ ግራ።

የሠርጉን ነገር እህቴ ትጽፈው፣ መጻፍ ብትችል። መሠረት አማረባት። ጠጁ ደህና ነበር። አያ ተድላ አልቀመሱም።

ስንመለስ ሙሽሮቹ ከኋላ ናቸው። ዳገቱ ጀመረ። አንደኛው መታጠፊያ። ሁለተኛው። ከበስተኋላችን አስማማው ጡሩንባ እየነፋ ነው። ሦስተኛው ላይ አያ ተድላ ማርሽ ቀየሩ፣ እግራቸውንም ከነዳጁ አነሡ። ሆን ብለው ነው። ዓምና የጠፋችበት ቦታ ላይ፣ በዚያው እግር።

አልጠፋችም። ከበዳት፣ ታፈነች፣ ግን አልጠፋችም።

ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ። "ውረጂ" አሉኝ።

ወረድኩ። በአንድ በኩል ገደል፣ ዳሩ ላይ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ያዩኛል። አስማማው ከሚኒባሱ አንገቱን አውጥቶ ሽንኩርቱ ደረሰ ወይ አለ፤ ሚዜዎቹ ሳቁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ካቻቢቴውን ከነጠላዬ ፈታሁ። ሩብ ዙር ቀላል ነገር ነው፤ ግን ሙሽራዋ ኋላ ወንበር ላይ የእህቴ ልጅ ናት፣ መሪው ላይ ያሉት ደግሞ የበደልኳቸው ሰው። አያ ተድላ አልወረዱም። ዘንጉንም አላወጡም። በመስኮቱ ብቻ እጃቸውን አውጥተው አንድ ጣት አነሡ።

ወደ ቀኝ። ቀስ። ትንሿ ጣት። መዳፍ።

ሞተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣልኝ ሰማሁት፤ አራቱ ወቃጮች፣ አንዱም ሳይቀድም። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ወጣች። ሌላ ምን ልበል፣ ወጣች። በነጭ ጭስ አይደለም፣ በጥቁርም አይደለም፣ ያለ ጭስ። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ መሠረት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ "አያ ተድላ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሚዜዎቼ ጠፉ" አለች። ዞር ብለን አየን። የአስማማው ሚኒባስ ቆማለች፤ ፊቷን ከፍተው ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃዋ ፈልቶ።

አያ ተድላ ቆሙ። ጀሪካናችንን ይዘው ወርደው ራሳቸው ሰጡት። አስማማው ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ሲመለሱ ጠየቅኳቸው። "ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት" አሉና ተሳፈሩ። ደባርቅ እስክንገባ ለብቻቸው ሳቁ።

ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። እልል ያለው ለሙሽራዋ ነው። እኔ ግን የኋላውን ክዳን ነበር የማየው።


ሰኞ፣ ጥር 19፤ ገብርኤል

ከጎንደር ሰውየው መጣ። ሰንሰለትና ሌላ መኪና ይዞ ነው የመጣው። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ ጠርሙሱ ላይ ቀረ።

አያ ተድላ ግቢው ውስጥ ናቸው፣ ጭንቅላታቸውን የቮልሷ ክዳን ሥር ከትተው። አንዱን ካንዴላ ፈትተው ጫፉን በብርሃን ያገላብጡታል። ከዚህ ሆኜ እንኳ ይታየኛል፤ የተቆላ ገብስ መስሏል።

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ "አባት" አለ። ዝም። "አባት፣ ስለ መኪናዋ ነው የመጣሁት።" ዝም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስተኛ ጠራቸው። ካንዴላውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

እትዬ ስንዱ ከቤት ወጡ። "ልፋ ብሎህ ነው ልጄ" አሉት። "አይሰሙም። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ጠይቅ። ጆሮ ዳባ ነው የሚሏቸው።"

ሰውየው ትንሽ ቆመ። ወደ እኔ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዝምታዬ አላፈርኩም። ሰንሰለቱን ሰብስቦ ሄደ።

የመኪናው ድምፅ ከርቀት እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸውን ከክዳኑ ሥር ሳያወጡ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ በአጥሩ በኩል፣

"ሄደ?"

"ሄደ" አልኩ፣ በሹክሹክታ።

"እንግዲያ ዘንጉን ከጣሪያው ሥር አምጪልኝ። በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ግቢ።"

ይቅር እንዳሉኝ እስካሁን አልነገሩኝም። አልጠየቅኳቸውም። ነገ የዳባት ሾፌር መኪናውን ይዞ ይመጣል አሉ፤ ሚኒሞው አልስተካከል ብሎታል፣ ቆሞ ሳለ ይጠፋበታል። ካቻቢቴውን ግን እኔ ጋ ነው የተዉት።